በሶዶ ሜዳ የሚነሳ እጅ

ፊሽካ አንገቴ ላይ ካንጠለጠልኩ ወዲህ ሶዶ ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው አነሰ። ገበያ ስወርድ «ዳኛዋ»፣ ሚኒባስ ስገባ «ለዳኛዋ ጠጋ በሉላት»፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሳይቀር «ዳኛዋ፣ እንዴት አደርሽ?»። ግማሹ በአክብሮት ነው። ግማሹ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ የተሸነፈው ቡድኑ ትዝ ብሎት፣ ጥርሱን ነክሶ ነው። እኔም ግልፍተኛ ነኝና የቱ የትኛው እንደሆነ ከድምፁ ለይቼ መልሱን እዚያው እሰጥ ነበር።

ሥራዬ የስፖርት መምህርትነት ነው። በሳምንቱ ቀናት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆችን አሯሩጣለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ የኮሌጆችን ቅርጫት ኳስ እዳኛለሁ። እግር ኳስ የሁሉም ነው፤ ቅርጫት ኳስ ግን በዚያ ዘመን በከተማችን የኮሌጅ ልጆች ነገር ነበር። የኮሌጅ ተማሪ ደግሞ ደንብ አንብቦ ይመጣል። ያነበበው ግማሹን ብቻ ስለሆነ ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

ሜዳው ሲሚንቶ ነው። ጠዋት ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ጉም ያረጥበዋል፣ ከሰዓት ፀሐይ ያነደዋል፤ ስንጥቁ ውስጥ ሣር ስለበቀለ ኳሱ ሲነጥር ወዳሰበበት ይሄዳል። ተመልካቹ የሚቆመው መስመሩ ላይ ነው፤ ኳስ ወጣ አልወጣ ለማለት መጀመሪያ የሰው ጫማ ማስነሳት አለብኝ። ሰዓቱ አንድ የሒሳብ መምህር መዳፍ ውስጥ ነው ያለው። ማብቂያው ሲደርስ ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ በብረት ይመታል። ቀለበቱ መጀመሪያ መረብ አልነበረውም። መረብ ባይኖርስ ምን ችግር አለው የሚል ካለ ከጎን ቆሞ ይሞክረው፤ ኳሱ በውስጥ ይለፍ በውጭ አይታይም። በኋላ ተማሪዎቹ ከእንሰት ቃጫ መረብ ጎንጉነው ሰቀሉ። ዝናብ ሲመታው ይኮማተርና ኳሱን አንቆ ያስቀረዋል፤ ስንት ጊዜ ጨዋታ አስቁመን በመጥረጊያ እንጨት ኳስ አውርደናል።

ዳኛ ይሮጣል፤ ሩጫው ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ እየሮጡ ማየት፣ ያዩትንም ትንፋሽ ሳይሰበስቡ መወሰን ነው። ተጫዋች ከተሳሳተ አሰልጣኙ ይቀይረዋል። አሰልጣኝ ከተሳሳተ በዳኛ ያሳብባል። ዳኛ የሚያሳብብበት የለውም። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ወድጄ የገባሁበት ነው።

ከሁሉ የሚብሱት ሐጂ ነበሩ። ሐጂ ቤተሰቦቻቸው ከስልጤ የመጡ፣ ገበያው ጥግ ላይ ዘይትና ስኳር በጅምላ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት መደብሩን ለባለቤታቸው ይተዉና ባዶ የለስላሳ ሳጥን ይዘው ይመጣሉ። ሳጥኑን ከመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ አጠገብ ገልብጠው ይቀመጡበትና ጨዋታው እስኪያልቅ እኔን ይሰድባሉ። ተጫዋች አይሰድቡም፣ አሰልጣኝ አይሰድቡም። እኔን ብቻ። «አንቺ ሴትዮ፣ ዓይንሽን ሆስፒታል አሳዪ!» ሰኞ ዘይት ልገዛ ስሄድ ደግሞ ወንበር ስበው፣ የእናቴን ጤና ጠይቀው፣ ከሌላው ሰው ቀድመው ያስተናግዱኛል። ይሄ ነገር በጣም ያናድደኝ ነበር። ወይ ሰውየው ይጥሉኝ፣ ወይ ይተዉኝ።

ዳኝነቱን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው። ጋሼ የምላቸው የጉኑኖ ሰው፣ እኔ በምሠራበት ትምህርት ቤት ከእኔ በፊት ስፖርት ያስተማሩ፣ ሱሪያቸውን ሳይተኩሱ ሜዳ የማይገቡ ቀጭን አዛውንት ናቸው። ሁለት ዳኛ በሚያስፈልገው ጨዋታ ሁሉ አንዷ እኔ፣ ሌላው እሳቸው ነበርን። ከጨዋታ በፊት ሁለቱንም ቡድን መሐል ሜዳ ሰብስበው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይናገራሉ። «ጥፋት የሠራ ወደ ጠረጴዛው ዞሮ እጁን ከራሱ በላይ ያነሳል። ዳኛው እስኪያይለት ድረስ አያወርድም። ሎኦ?» ሎኦ በወላይትኛ ጥሩ ማለት ነው፤ ልጆቹም «ሎኦ!» ይላሉ።

ያኔ ደንቡ ራሱ እንዲህ ነበር። ጥፋት የሠራ ተጫዋች እጁን የሚያነሳው መዝጋቢው እንዳይሳሳት ነው። ሶዶ ውስጥ ግን ነገሩ ከደንብም አለፈ። ጋሼ ያሠለጠኗቸው ልጆች ኮሌጅ ሲገቡ ልማዱን ይዘውት ገቡ፤ እኛ ፊሽካ ሳንነፋ እጅ የሚያነሱ ነበሩ። ጀርባችንን ሰጥተን እየሮጥን ሳለ ከኋላችን ሕዝቡ ይስቃል፤ ዞር ስንል አንዱ ማንም ያላየበትን ግፊያ ሠርቶ እጁን አንስቶ ቆሟል። ከአረካ የመጣ አንድ አሰልጣኝ «እነዚህ ልጆች ዳኛ ምን ያደርግላቸዋል?» ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። በዚያ ጫጫታ መሐል አንድ ሰው ከእኔ ጋር እንደሚሠራ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ ደንቡ ተቀየረ። አዋሳ ለስልጠና ተጠርተን ሄድንና አሠልጣኙ ብዙ አዲስ ነገር ከነገረን በኋላ እጅ ማንሳት መቅረቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ አለፈ። ጋሼ ቆሙና ለምን እንደቀረ ጠየቁ።

«ጨዋታ ያዘገያል። ተጫዋቹንም ያሳፍራል» አላቸው።

ጋሼ ተቀመጡ። ስንመለስ ሶዶ እስክንቃረብ ድረስ በመስኮት ሲያዩ ቆዩና «ትንሽ ቢያፍሩ ምን ይሆናሉ?» አሉኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መሐል ሜዳ ላይ ያችኑ ንግግራቸውን ተናገሩ። እኔም አልተቃወምኳቸውም። ሶዶ ውስጥ እጅ መነሳቱን ቀጠለ።

በዚያን ዓመት እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ አንደኛ ደረጃ ዳኛ መሆን። ሁለተኛ ደረጃ ዳኛ እዚያው አካባቢዋ ትቀራለች። አንደኛ ደረጃ ያገኘች ግን አዲስ አበባ ትጠራለች፣ የእንጨት ወለል ላይ፣ ጣሪያ ሥር ትዳኛለች። ጣሪያ ያለው ሜዳ ላይ ለመዳኘት የነበረኝ ጉጉት ዛሬ ስናገረው ያስቃል፤ ያኔ ግን እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። የጽሑፉን ፈተና አልፌያለሁ። የሩጫውንም አልፌያለሁ። የቀረኝ ታዛቢ መጥቶ ስዳኝ እንዲያየኝ ብቻ ነው። ታዛቢ ደግሞ ወደ እኛ ዘንድ እንዲህ በቀላሉ አይመጣም። ለማዕረጉ የተቀመጠውም ዕድሜ ሊያልፈኝ ጥቂት ነበር የቀረው። ይሄ ካመለጠኝ ሌላ እንደማይኖር እኔም አውቃለሁ፣ ጋሼም ያውቃሉ።

የኮሌጆች ውድድር የሴቶች ፍጻሜ ሶዶ ላይ እንዲደረግ ሲወሰን ታዛቢ እንደሚመጣ ተነገረን። ክፉ ሰው ጠብቄ ነበር። የመጣው ግን መንገድ ያንገላታው፣ ሆዱን አሞት ሻይ በሎሚ ብቻ የሚጠጣ ጨዋ ሰው ነው። ኳስ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፣ አየር በጎደላቸው ኳሶች መሐል ተቀምጦ አነጋገረን።

«አንድ ነገር ሰምቻለሁ» አለ። «እዚህ እጅ ይነሳል አሉ።»

«ይነሳል» አሉ ጋሼ።

«ዛሬ እንዳይነሳ። ደንቡ ውስጥ የለም። ሜዳው ላይ ተጫዋች እጅ ስታነሳ ካየሁ፣ ዳኛዋ ጨዋታውን አልያዘችውም ብዬ ነው የምወስደው።»

ጋሼ ታዛቢውን አላዩትም፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ «አይነሳም» አሉና ወጥተው ራሳቸው ለልጆቹ ነገሩ። መሐል ሜዳ ላይ ቆመው፣ ስንት ዓመት ያስተማሩትን ነገር ተዉት ሲሉ ከበሩ ሆኜ ሰማሁ። ለእኔ ብለው ነው። ልቤ ተነካ፤ ግን ሮጬ ሄጄ አይሁን አላልኩም። ማዕረጉን እፈልገው ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። የሶዶ ልጆች መቸገራቸው ያስቅም ያሳዝንም ነበር። ፊሽካ ሲነፋ ክንዳቸው ብድግ ይላል፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ ትዕዛዙ ትዝ ይላቸውና ፀጉር ለማስተካከል የተነሳ ያስመስሉታል። አንዷ ጆሮዋን አከከች። ሐጂ ከሳጥናቸው ላይ «ምን ሆነው ነው ዛሬ፣ ቅማል አለባቸው እንዴ?» ብለው ጮኹ። ታዛቢው ቀና ብሎ አየ፤ ምንም አልጻፈም። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዳኝቼ አላውቅም። እግሬ የሚገባበትን ያውቃል፣ ፊሽካዬ ሳይዘገይ ሳይቸኩል ይነፋል። ጋሼም ባጠገቤ ሲያልፉ ዓይናቸው ይስቅ ነበር።

ከሶዶ ልጆች የምትበልጠው አስራ አንድ ቁጥር ናት። ጋሼ ከልጅነቷ ያሠለጠኗት፣ ረጅምና ዝምተኛ፣ ሐጂ ስሟን ሲጠሩ ድምፃቸው የሚለዝብላት ልጅ ናት። ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ አራት ጥፋት ነበረባት። አምስተኛ ከሠራች ትወጣለች። ሶዶ በአንድ ነጥብ ይመራል።

የእንግዳው ቡድን ልጅ ኳስ ይዛ ወደ ቀለበቱ ዘለለች። ሁለት የሶዶ ልጆች አብረዋት ዘለሉ፤ ሰባት ቁጥር ከቀኝ፣ አስራ አንድ ከግራ። ክንድ አየሁ። ክንዱ የልጅቷን አንጓ መታ፤ ልጅቷ ወደቀች። ነፋሁ። ዳኛ ጥፋተኛዋን ቶሎ ማሳየት አለበት፤ ሰባት ቁጥርን አሳየሁ። ሰባት ቁጥር ጥፋት ስላልበዛባት ሕዝቡ እፎይ አለ። ሰባት ቁጥርም አፏን ከፍታ ዘጋችው።

በዚያ መሐል አስራ አንድ ቁጥር ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ክንዷን ከራሷ በላይ አነሳች። እንደሌሎቹ ፀጉሯን አልነካችም።

ከዚያ አሰልጣኟ «አውርጂ! አንቺን ማን ጠራሽ!» ብሎ ጮኸ። አላወረደችም።

በእውነት ተናደድኩባት። አሁን ምን አለበት ዝም ብትይ አልኩ በሆዴ። ቅጣት ወርዋሪዋ ማንም ሠራው ማንም ያችው የወደቀችው ልጅ ናት፤ የሚለየው አስራ አንድ ቁጥር መውጣቷ ብቻ ነው። እንዳሳየሁት ብተወው የሚወቅሰኝ የለም። ከተማው ደስ ይለዋል፣ ታዛቢውም ውሳኔዋ ጽኑ ነው ይላል። ጋሼ ከመሐል ሜዳ መጡ።

«ምን አየሽ?» አሉኝ።

«ክንድ አየሁ፣ ጋሼ። ሰባት መሰለችኝ።»

«አሁንስ?»

ዓይኔን ጨፈንኩና ዳግመኛ አየሁት። «ክንዱ የመጣው ከግራ ነው። አስራ አንድ ናት።»

«እኔ ከጀርባ ነበርኩ፤ አላየሁም። ፊሽካው ያንቺ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰውየው እያየሽ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ቀይሪውም ተይውም አላሉኝም።

ልጅቷን ቀና ብዬ አየኋት። ክንዷ አሁንም እንደተነሳ ነው። ግራ የገባት መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ነው የገባኝ። ጋሼ ያስተማሯት፣ ዳኛው እስኪያይልሽ አታውርጂ ብለው ነው። እኔን እየጠበቀች ነበር።

ወደ ጠረጴዛው ሮጥኩ። አስራ አንድን ከማሳየቴ በፊት ቀኝ እጄ ተነሳ። መዳፌን ዘርግቼ፣ ከራሴ በላይ፣ ጥፋት እንደሠራ ተጫዋች ወደ ሕዝቡ ዞሬ አነሳሁት። ሳላስበው ነው ብል ውሸት ነው፤ ግማሹን አስቤዋለሁ። ሰባቱን ሰርዤ አስራ አንድን አሳየሁ። ያን ጊዜ ልጅቷ ክንዷን አወረደች። ባጠገቤ ስታልፍ «ቲቸር፣ እኔ ነው የነካሁት» አለችኝ። «አይቻለሁ» አልኳት።

እንግዳዋ ሁለቱንም ቅጣት አገባች። ሶዶ የመጨረሻውን ኳስ ያለ አስራ አንድ ቁጥር ሞከረ፤ ኳሱ የቃጫውን መረብ በውጭ ነክቶ ወደቀ። ቸርኬው ተመታ፤ ሶዶ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ።

ኳስ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ታዛቢው ሻዩን ይዞ ጠበቀኝ። ቁጭ በይ አለኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«መቀየርሽ ልክ ነው» አለኝ። «ኳሱ ወደ ጨዋታ ሳይመለስ ዳኛ ስህተቱን ማረም ይችላል። ልጅቷ እጅ ማንሳቷንም በልማድ ነው ብዬ አልፈዋለሁ። አንቺ ግን ለምን አነሳሽ?»

«ጥፋቱ የእኔም ስለነበረ።»

«እንዲህ ያለ ምልክት የለም።»

«ከደንቡ የወጣው የተጫዋች እጅ ነው እንጂ የዳኛ መች ገብቶ ነበር?» አልኩት። ግልፍተኝነቴ እዚህም አልተወኝም።

ፈገግ አለ፤ ግን ሐሳቡን አልቀየረም። «ስሚኝ፣ መምህርት። ጥሩ ዳኛ ነሽ። አዲስ አበባ ላይ ግን እጅሽን ያነሳሽ ቀን ይበሉሻል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ፊሽካሽን ይጠራጠሩታል። እኔ ደግሞ የማየው እዚህ መቻልሽን አይደለም፣ እዚያ መቻልሽን ነው። አላሳልፍሽም።»

ልቆጣው ፈልጌ ነበር። ግን ሆዱን ይዞ፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ለእኔ መልካም ያሰበ መስሎት ነው የሚናገረው። ያለውም ሁሉ ስህተት አልነበረም። «መንገዱ ይቅናዎት» ብዬው ወጣሁ።

ጋሼ አልጠየቁኝም። ከፊቴ ሳያነቡ አልቀሩም። ቀጥ ብለው ሥጋ ቤት ወሰዱኝና ቁርጥ በዳጣ፣ በዚያ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ አዘዙ። ሥጋውን ዳጣ ውስጥ አጥቅሼ ስጎርስ እንባዬ ፈሰሰ፤ እሳቸውም «ቃሪያው ዛሬ በዝቷል» አሉ። አለቀስኩ። ጣሪያ ላለው ሜዳ፣ ለእንጨቱ ወለል፣ ላለፈኝ ዕድሜ አለቀስኩ። ጋሼ ደግሞ ቃሪያውን እየወቀሱ አጎረሱኝ። እጄን ለምን እንዳነሳሁ አንድም ቀን አላነሱብኝም፤ ግን ከዚያ ወዲያ ለማንም ሲያስተዋውቁኝ «ተማሪዬ ነበረች» ማለታቸውን ትተው «ባልደረባዬ» ይሉኝ ጀመር።

ሰኞ ዘይት ልገዛ ሄድኩ። ሐጂ ወንበር ሳቡልኝ።

«ቅዳሜ ልሰድብሽ ተነስቼ ነበር» አሉኝ። «ስድቡ ጠፋብኝ። ተናድጄ ነው ያደርኩት።»

«በእኔ?»

«በስድቡ» አሉ።

በሚቀጥለው ዓመት የኮሌጆቹ ጨዋታ ሲጀመር ሐጂ ሳጥናቸውን ገልብጠው ቦታቸው ላይ ነበሩ። ስድባቸውም ተመልሶላቸዋል። አዲስ ነገርም ተጨምሯል፤ ሕዝቡ የማይስማማበት ፊሽካ በነፋሁ ቁጥር «እጅ! እጅ!» እያለ ይጮሃል። መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ታዛቢው ይበሉሻል ያለኝ ይሄን ነው አልኩ። ግን ተሳስቼ ሲሆን አነሳዋለሁ፤ ያን ጊዜ ጩኸቱ ወዲያው ያልቃል። ልክ ሆኜ ሲሆን ራሴን እነቀንቃለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልን ተላመድን።

አንድ ቅዳሜ የሶዶው ልጅ ኳስ እያነጠረ ሲሮጥ መስመር ረገጠ። ነፋሁ፤ ኳሱን ለእንግዳው ሰጠሁ። ሐጂ ከሳጥናቸው ብድግ ብለው «እጅሽን አንሺ፣ አንቺ ሴትዮ!» አሉ። ሕዝቡም ተቀበላቸው። ራሴን ነቀነቅሁ። ከሐጂ ጫማ ፊት ለፊት ያለውን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው፤ ከጨዋታው በፊት የጣለ ካፊያ ባረጠበው ሲሚንቶ ላይ የልጁ ጫማ ዱካ ከመስመሩ ውጭ ታትሞ ነበር። ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩት። ቀና አሉ። ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ጠረጴዛው ዞሩ፤ ቀኝ እጃቸውንም ከቆባቸው በላይ አነሱ።

ሕዝቡ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ እጃቸውንም አላወረዱም። አይቻለሁ ብዬ ራሴን ዝቅ ሳደርግላቸው አወረዱና ሳጥናቸው ላይ ተቀመጡ። ፊሽካዬን ነፋሁ፣ ጨዋታው ቀጠለ።